መታ ማድረግና ተጭኖ መያዝ በአንድ ረድፍ ላይ፦ ለሞባይል መተግበሪያ ሠሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ለአንድ ረድፍ ሁለት ሥራ መስጠት ሲያስቡት ቀላል ነው። መታ ሲደረግ አንዱ፣ ተጭኖ ሲያዝ ሌላው፤ ሁለት ፈንክሽን ጽፎ ወደሚቀጥለው ገጽ ማለፍ። ነገር ግን ሁለተኛውን በጨመራችሁበት ቅጽበት የመጀመሪያውም ይለወጣል። ረድፉ መታ ማድረግን ብቻ ሲያውቅ ጊዜ አይቆጥርም፤ ተጠቃሚው ጣቱን ሁለት ሰከንድ አሳርፎ ቢያነሣም ያው መታ ማድረግ ነው። ተጭኖ መያዝ ሲታከልበት ግን መታ ማድረግ ጣሪያ ይበጅለታል፤ ከግማሽ ሰከንድ ገደማ በላይ የቆየ ጣት ወደ ሌላኛው ሥራ ይሄዳል። ትናንት ያለችግር ይሠራ የነበረ እጅ ዛሬ ያልፈለገው ሳጥን ይከፈትበታል። ስለዚህ ሁለቱን የጣት ምልክቶች ለየብቻ ሳይሆን እንደ አንድ ውሳኔ መያዝ ያስፈልጋል። የዚህ መመሪያ ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሡ ናቸው።

ምሳሌያችን በደሴ ፒያሳ አካባቢ ላለ የጅምላ ሱቅ የሚሆን የሽያጭ መተግበሪያ ይሁን። ስክሪኑ ላይ ስኳር፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና በየረድፉ ተዘርዝረዋል። ሻጩ አንዱን ረድፍ መታ ሲያደርግ በደረሰኙ ላይ አንድ ይጨመራል፤ ተጭኖ ሲይዝ የብዛትና የዋጋ ማስተካከያ ሳጥን ይከፈታል። አሠራሩን በዋናነት ፍላተር በተባለው የመተግበሪያ መሥሪያ ማዕቀፍ አስረዳለሁ፤ በአንድሮይድና በአይኦኤስ የሚለየውን በየቦታው እጨምራለሁ።

ደረጃ 1፦ የትኛው ሥራ ለየትኛው ምልክት እንደሆነ ወስኑ

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን በወረቀት ላይ ጨርሱት። መታ ማድረግ የሚገባው ለዘወትሩና በቀላሉ ለሚመለሰው ሥራ ነው። ሻጩ በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚሠራው ዕቃ መጨመርን ነው፤ ቢሳሳት ደግሞ አንድ መቀነስ ብቻ ነው። ተጭኖ መያዝ ለአልፎ አልፎው ይሁን፦ ዋጋ ማስተካከል፣ ብዙ ረድፍ መምረጥ፣ ዝርዝር መረጃ ማየት።

ስረዛን በቀጥታ ከተጭኖ መያዝ ጋር አታያይዙ። ስልክ ኪስ ውስጥ ሲገባ፣ ሕፃን እጅ ላይ ሲወድቅ፣ አንድ ሰው ስልኩን በአውራ ጣቱ ጨብጦ ሲያቀብል የሚፈጠረው ንክኪ ብዙውን ጊዜ ረጅም ነው። ተጭኖ መያዝ ምርጫ ይክፈት፤ ስረዛው በዚያ ውስጥ ለብቻው ይጠየቅ።

ሌላው ደግሞ፣ በተጭኖ መያዝ ብቻ የሚገኝ ሥራ አይኑር። ረድፉ ላይ «ተጭነህ ያዘኝ» የሚል ነገር አይታይም፤ ያልተነገረው ሰው በራሱ ላያገኘው ይችላል። በረድፉ ቀኝ ጫፍ ሦስት ነጥብ አስቀምጡና ያንኑ ሳጥን ይክፈት። ተጭኖ መያዝ ለለመደው ሰው አቋራጭ ይሆናል፤ ላልለመደው መንገዱ ክፍት ነው።

በደሴ ሸዋ በር አጠገብ ባለ አንድ ሱቅ የሱቁ ባለቤት እንዲህ ዓይነት መተግበሪያ ሲጠቀሙ ቆሜ ተመልክቻለሁ። በግራ እጃቸው የተቆጠረ ብር ይዘዋል፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፣ የስክሪኑ መከላከያ መስታወት አንድ ጥግ ተሰንጥቋል። አውራ ጣታቸውን በስኳር ረድፍ ላይ በሙሉ ያሳርፉና ይቆያሉ፤ የዋጋው ሳጥን ይከፈታል፤ ይዘጉታል፤ እንደገና ያሳርፋሉ፤ ያው ሳጥን ይመጣል። «እትዬ፣ ለምን ያን ያህል ይይዙታል?» አልኳቸው። «የእኔ ልጅ፣ እሺ ማለቱን እስካውቅ ነዋ!» አሉኝ። መልሳቸው ትክክል ነው። ረድፉ ሲነካ ወዲያውኑ ቀለሙን ቢለውጥ ኖሮ ጣታቸውን ቀድመው ያነሡ ነበር። ይህን በደረጃ 5 እንመለስበታለን።

ደረጃ 2፦ የአንድ ጣት አራት መጨረሻዎች

ጣት ስክሪኑ ላይ ባረፈ ጊዜ ምን እንደሚፈልግ ገና አይታወቅም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ከአራቱ አንዱ ነው፦ ጊዜው ሳይሞላ በቦታው እንዳለ ይነሣል፤ ጊዜው እስኪሞላ በቦታው ይቆያል፤ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ወይም ንክኪው በሌላ አካል ይነጠቃል። የመጀመሪያው መታ ማድረግ፣ ሁለተኛው ተጭኖ መያዝ፣ ሦስተኛው ዝርዝሩን ማሸብለል ነው። አራተኛው የንክኪው ስረዛ፣ ማለትም መቋረጡ ነው፤ ለምሳሌ ዝርዝሩ ራሱ ንክኪውን ወስዶ ማሸብለል ሲጀምር ወይም የስርዓቱ መስኮት ሲደረብ ለረድፉ የስረዛ መልእክት ይደርሰዋል።

በተራ አማርኛ ሲጻፍ አሠራሩ ይህን ይመስላል፦

ጣት ሲወርድ፦ ቦታውን መዝግብ፤ የዕቃውን መለያ ቁጥር ያዝ፤ ቆጣሪውን አስነሣ።
ጣት ሲንቀሳቀስ፦ ከወረደበት ቦታ ከገደቡ በላይ ከራቀ ቆጣሪውን አቁም፤ ጉዳዩን ለማሸብለል ተው።
ቆጣሪው ሲሞላ፦ «ተይዟል» ብለህ መዝግብ፤ ንዝረት ስጥ፤ ረጅሙን ሥራ ጀምር።
ጣት ሲነሣ፦ «ተይዟል» ተብሎ ከሆነ ምንም አትሥራ፤ ካልተባለና ጣቱ ገደቡን ካላለፈ አጭሩን ሥራ ፈጽም።
ሲሰረዝ፦ ቆጣሪውን አቁም፤ ሁሉንም ወደነበረበት መልስ።

ይህን ራሳችሁ መጻፍ አይጠበቅባችሁም፤ ማዕቀፎቹ ጽፈውታል፣ ከእኛ በተሻለም ፈትነውታል። አሠራሩን ማወቅ የሚያስፈልገው ነገሩ ሲበላሽ የትኛው መስመር ላይ እንደተበላሸ ለመለየት ነው። በራሳቸው ቆጣሪ የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚረሱት የመጨረሻውን መስመር ነው። ያኔ ተጠቃሚው ዝርዝሩን እየሳበ ሳለ ከየት መጣ ሳይባል የዋጋው ሳጥን ይከፈታል።

ቁጥሮቹን በቃላችሁ ያዙ። በፍላተር የተጭኖ መያዝ ጊዜ 500 ሚሊ ሰከንድ ነው። በአይኦኤስም ቅንብሩ ሳይለወጥ ሲቀር ግማሽ ሰከንድ ነው። አንድሮይድ በቀድሞዎቹ እትሞች 500፣ በኋለኞቹ 400 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል፤ ተጠቃሚው ራሱ በተደራሽነት ቅንብር ውስጥ ሊያስረዝመውም ይችላል። ጣት ሳይቆጠርበት መንቀሳቀስ የሚችለው ርቀት በአንድሮይድ 8 ዲፒ (የስክሪን ርቀት መለኪያ)፣ በአይኦኤስ 10 ነጥብ፣ በፍላተር 18 ሎጂካል ፒክሰል ነው። እነዚህ ለማሳመሪያ የተቀመጡ ቁጥሮች አይደሉም፤ ሰው ጣቱን ፍጹም ቀጥ አድርጎ መያዝ ስለማይችል የተተወ ቦታ ነው።

ደረጃ 3፦ ሁለቱንም በአንድ ቦታ ጻፉ

በፍላተር ረድፉን በኢንክዌል (ንክኪ ተቀብሎ ቀለም በሚያሳይ ዊጄት) ሸፍኑትና ኦንታፕንም ኦንሎንግፕሬስንም በዚያው በአንዱ ላይ ስጡት። ለኦንታፕ የመጨመሪያውን ፈንክሽን፣ ለኦንሎንግፕሬስ የሳጥን መክፈቻውን። ሁለት ጌስቸርዲቴክተር (ንክኪን ብቻ የሚለይ ዊጄት) አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ ለአንዱ አጭሩን፣ ለሌላው ረጅሙን መስጠት ለጊዜው ይሠራል፤ ችግሩ የሚመጣው ከወራት በኋላ ሌላ ሰው አንዱን ብቻ ሲያነሣ ወይም ሲያንቀሳቅስ ነው።

ፍላተር ከውስጥ የሚያደርገው እንዲህ ነው። ጣት ሲወርድ በዚያ ነጥብ ስር ያሉ ለይቶ አዋቂዎች ሁሉ፣ ማለትም የመታ ማድረግ፣ የተጭኖ መያዝ፣ የማሸብለል፣ ወደ አንድ ሜዳ ይገባሉ። ሜዳው እንደ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው፤ ብዙዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ የሚወጣው ግን አንድ ብቻ ነው። ጣቱ ከተንሸራተተ ማሸብለል ያሸንፋል። 500 ሚሊ ሰከንድ ከሞላ ተጭኖ መያዝ ያሸንፍና ሌሎቹ ይሰናበታሉ። ጣቱ ቀድሞ ከተነሣ ተጭኖ መያዝ ራሱ ይወጣል፣ መታ ማድረግ ይቀራል። ስለዚህ በትክክል ከተጻፈ ሁለቱ በአንድ ንክኪ አብረው ሊጠሩ አይችሉም።

በጄትፓክ ኮምፖዝ፣ ማለትም በአዲሱ የአንድሮይድ ገጽ መሥሪያ፣ ተመሳሳዩ መሣሪያ ኮምባይንድክሊካብል የሚባለው ሞዲፋየር ነው፤ ኦንክሊክና ኦንሎንግክሊክን አብሮ ይቀበላል። ብዙዎች ከዚህ ይልቅ ፖይንተርኢንፑት ውስጥ ዲቴክትታፕጌስቸርስን ይጠቀማሉ። ምልክቱን ለመለየት ይበቃል፤ ነገር ግን ለስክሪን አንባቢ (ለማየት ለተሳናቸው ስክሪኑን በድምፅ ለሚያነበው መሣሪያ) ምንም አይነግርም፣ ሲነካም ቀለም አይለውጥም። ከዚህም ሌላ ለፖይንተርኢንፑት መለያ ቁልፍ (ኪ) እንዲሆን ዩኒት የተባለውን የማይለወጥ ዋጋ ብቻ ከሰጣችሁት በውስጡ ያለው ፈንክሽን መጀመሪያ ያየውን ዕቃ ይዞ ይቀራል። የስኳር ዋጋ ተለውጦ ሳለ ሳጥኑ አሮጌውን ዋጋ ያሳያል። የዕቃውን መለያ ቁጥር ቁልፍ አድርጉለት፣ ወይም ሪሜምበርአፕዴትድስቴትን ተጠቀሙ።

በቀድሞው የአንድሮይድ ቪው አሠራር ደግሞ አንዲት ቃል ሁሉንም ትወስናለች። የኦንሎንግክሊክ ፈንክሽን ትሩ (እውነት) ወይም ፎልስ (ሐሰት) ይመልሳል። ትሩ ማለት «ጉዳዩ በእኔ አልቋል» ነው። ፎልስ ከመለሰ ግን ስርዓቱ ረጅሙ ምልክት እንዳልተስተናገደ ይቆጥርና ጣቱ ሲነሣ የመታ ማድረጉንም ፈንክሽን ይጠራል። ሳጥኑ ተከፍቶ ሳለ ከስሩ በደረሰኙ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር ከተጨመረ መጀመሪያ የምታዩት ይህንን መስመር ነው። ትሩ ሲመልስ ስርዓቱ የተጭኖ መያዝ ንዝረቱንም ራሱ ይሰጣል።

በአይኦኤስ የገጽ መሥሪያ በዩአይኪት ሁለት ለይቶ አዋቂዎችን ትጨምራላችሁ። የተጭኖ መያዙ ፈንክሽን አንዴ ብቻ እንደማይጠራ አስታውሱ፤ ሲጀምር፣ ጣቱ ሲንቀሳቀስና ሲያበቃ ይጠራል። ሁኔታው ቢጋን (ጀምሯል) መሆኑን ሳታረጋግጡ ሳጥን ከከፈታችሁ ሳጥኑ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። መታ ማድረጉ የተጭኖ መያዙን መክሸፍ እንዲጠብቅ ማዘዝም ትችላላችሁ፤ ጣት በተነሣ ቅጽበት ተጭኖ መያዙ ስለሚከሽፍ ይህ ለተጠቃሚው የሚሰማ መዘግየት አያመጣም።

ሪአክት ኔቲቭ በተባለው ሌላ ማዕቀፍ የምትሠሩ ፕሬሴብልን ተጠቀሙ፤ ኦንፕሬስና ኦንሎንግፕሬስ በአንዱ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጊዜው በዲሌይሎንግፕሬስ ይወሰናል፣ መነሻው 500 ነው።

ደረጃ 4፦ ሁለቴ መታ ማድረግን አትጨምሩበት

እስካሁን ያየናቸው ሁለቱ ተስማምተው የሚኖሩት ተጭኖ መያዝ መታ ማድረግን ስለማያዘገየው ነው። ጣት ተነሣ ማለት ውሳኔው አለቀ ማለት ነው። ሁለቴ መታ ማድረግ ግን ሌላ ባሕርይ አለው። ጣቱ ከተነሣ በኋላም ስርዓቱ «ሁለተኛው ይመጣ ይሆን?» ብሎ እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ መጠበቅ አለበት፤ ያ እስኪያልፍ የመጀመሪያው መታ ማድረግ አይፈጸምም።

በሽያጭ ስክሪን ላይ ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ሻጩ አምስት ሳሙና ለመጨመር አምስት ጊዜ በፍጥነት መታ መታ ያደርጋል። ሁለቴ መታ ማድረግ ከተያያዘ እነዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ፤ ደረሰኙ ላይ የሚጨመረው ከአምስት ያነሰ ነው። ገዢው ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ ቁጥር ሲሳሳት የሚጠፋው እምነት ነው። በፎቶ ወይም በካርታ ላይ ሁለቴ መታ ማድረግ ቦታ አለው፤ በዝርዝር ረድፍ ላይ የለውም።

ደረጃ 5፦ ጣቱ እንደተሰማ ወዲያውኑ አሳዩ

ሁለት የተለያዩ መልሶች ያስፈልጋሉ፣ ጊዜያቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ጣት እንዳረፈ የሚታየው የቀለም ለውጥ ነው። ኢንክዌል ይህን ራሱ ያደርጋል፣ ነገር ግን በላዩ ላይ ቀለም ያለው ኮንቴይነር ካለበሳችሁት ከጣቱ የሚሰራጨው የቀለም ሞገድ ከስር ተሸፍኖ አይታይም። የጀርባውን ቀለም ለኢንክ ወይም ለማቴሪያል ስጡ፣ ኢንክዌሉ ከላዩ ይሁን። የሸዋ በሯ እናት ችግር ግማሹ የሚፈታው በዚህች ለውጥ ነው።

ሁለተኛው ተጭኖ መያዝ የተቆጠረበት ቅጽበት ነው። ሥራው ጊዜው በሞላበት ሰዓት ይጀመር እንጂ ጣት እስኪነሣ አይጠበቅ። ሰው ጣቱን የሚያነሣው የሆነ ነገር ሲያይ ወይም ሲሰማው ነው፤ እናንተ ደግሞ ጣቱን እስኪያነሣ ከጠበቃችሁ ሁለታችሁም ትጠባበቃላችሁ። አጭር ንዝረት ስጡ፣ ሳጥኑንም በዚያው ክፈቱ። ኢንክዌል በአንድሮይድ ላይ ንዝረቱን ራሱ ይሰጣል፤ ጌስቸርዲቴክተር ስትጠቀሙ ግን ሃፕቲክፊድባክን ራሳችሁ ጥሩ። በገበያ ጫጫታ መሀል ድምፅ አይሰማም፤ ንዝረት ይሰማል። ይሁንና አንዳንዱ ሰው ባትሪ ለመቆጠብ ንዝረትን ስለሚያጠፋ የሚታየው ለውጥ ብቻውን መብቃት አለበት።

መታ ማድረግን ደግሞ ጣት ሲወርድ አትፈጽሙት። በኦንታፕዳውን ላይ ዕቃ መጨመር ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን ማሸብለል የጀመረም፣ ተጭኖ የያዘም ጣት አስቀድሞ ዕቃ ይጨምራል። ተጠቃሚው ሐሳቡን ለውጦ ጣቱን አንሸራቶ የሚያመልጥበት መንገድ ሊኖረው ይገባል።

ደረጃ 6፦ በረድፉ ውስጥ ያለው ትንሽ ቁልፍ

በደረጃ 1 ሦስት ነጥብ አስቀምጡ ብያለሁ። አሁን ያ ቁልፍ በረድፉ ውስጥ ስላለ ጥያቄ ይነሣል፦ ተጠቃሚው ሦስቱን ነጥብ ተጭኖ ቢይዝስ?

መታ ቢያደርገው ችግር የለም፤ በፍላተር ከውስጥ ያለው ለይቶ አዋቂ ከውጭ ካለው ይቀድማል። ተጭኖ ከያዘው ግን የውስጡ ቁልፍ መታ ማድረግን ብቻ ስለሚያውቅ 500 ሚሊ ሰከንዱ ሲሞላ የውጩ ረድፍ ኦንሎንግፕሬስ ያሸንፋል። ጣቱ ያረፈው ቁልፉ ላይ ነው፣ የሚሠራው ግን ረድፉ ነው። በእኛ ምሳሌ ሁለቱም አንድ ሳጥን ስለሚከፍቱ አይጎዳም። ቁልፉ «አንድ ቀንስ» ቢሆን ኖሮ ግን ግራ ያጋባ ነበር። መፍትሔው ለአይኮንበተኑ ቱልቲፕ መስጠት ነው፤ ቱልቲፑ ራሱ ተጭኖ መያዝን ስለሚቀበል ረጅሙ ንክኪ እዚያው ያርፋል፣ የቁልፉም ስም ለተጠቃሚው ይታያል። በቀድሞው የአንድሮይድ ቪው ይህ አይከሰትም፤ የውስጡ ቁልፍ ንክኪውን ከወሰደ ወላጁ አይደርሰውም። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሸጋገሩ ይህን ልዩነት ልብ በሉ።

የቁልፉን መጠንም አትንፈጉት። የአንድሮይድ መመሪያ 48 ዲፒ፣ የአፕል 44 ነጥብ ይላል። ሥዕሉ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የሚነካው ቦታ ግን ያን ያህል ይስፋ።

ደረጃ 7፦ ዝርዝሩ ከጣት ስር ሲለወጥ

ግማሽ ሰከንድ ለኮምፒውተር ረጅም ጊዜ ነው። ሻጩ የዘይትን ረድፍ ተጭኖ ሳለ የኮምቦልቻው መጋዘን አዲስ ዕቃ ቢያስገባ ዝርዝሩ በአንድ ረድፍ ወደታች ይወርዳል። ጊዜው ሲሞላ ከጣቱ ስር ያለው ስኳር ነው። የዘይት ዋጋ ሊለውጥ አስቦ የስኳርን ይለውጣል።

በፍላተር ረድፎቹ መለያ ቁልፍ (ኪ) ከሌላቸው ማዕቀፉ ያንኑ ረድፍ ለአዲሱ ዕቃ መልሶ ይጠቀምበታል፤ በመሀል የነበረው ንክኪም ሳይቋረጥ አዲሱን ፈንክሽን ይጠራል። ለእያንዳንዱ ረድፍ በዕቃው መለያ ቁጥር ቫልዩኪ ስጡ። ያኔ በቦታው ሌላ ዕቃ ሲመጣ የቀድሞው ረድፍ ከነንክኪው ይፈርሳል፣ ምንም አይከሰትም። ምንም አለመከሰቱ የተሳሳተ ዋጋ ከመጻፉ እጅግ ይሻላል። በኮምፖዝ ሌዚኮለም ውስጥ ለአይተምስ ኪ ስጡ። በሪሳይክለርቪው ደግሞ የረድፉን ተራ ቁጥር ሲታሰር ይዛችሁ አታስቀምጡ፤ ንክኪው ሲመጣ ባይንዲንግአዳፕተርፖዚሽንን ጠይቁ፣ ትክክለኛ ቦታ የለም ካለም ሥራውን ተዉት።

የተከፈተው ሳጥንም የሚሠራው በመለያ ቁጥር እንጂ በተራ ቁጥር አይሁን።

ደረጃ 8፦ በምርጫ ሁኔታ ላይ ረጅሙን አንሡት

ተጭኖ መያዝን ብዙ ረድፍ ለመምረጥ የምትጠቀሙበት ከሆነ፣ ምርጫው ከተጀመረ በኋላ መታ ማድረግ መምረጥና አለመምረጥ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ኦንሎንግፕሬስን ነል (ምንም ፈንክሽን ያልተሰጠው) አድርጉት። ባዶ ፈንክሽን መስጠት ተመሳሳይ አይደለም፤ ባዶውም ቢሆን ሜዳው ላይ ገብቶ ያሸንፋል፣ ቀስ ብሎ የሚነካውን ሰው መታ ማድረግ ይበላበታል። ነል ሲሆን ጣሪያው ይነሣና መታ ማድረግ እንደ ድሮው የጊዜ ገደብ የሌለው ይሆናል። የስልኩ መመለሻ ቁልፍ ደግሞ መጀመሪያ ከምርጫው ይውጣ፣ ቀጥሎ ከገጹ።

ደረጃ 9፦ ጊዜው ለሰው ይስተካከል

ኮምፖዝና የአንድሮይድ ቪው ተጠቃሚው በስልኩ ቅንብር የመረጠውን የመያዣ ጊዜ ያከብራሉ። ፍላተር ግን በ500 ሚሊ ሰከንድ ይጸናል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ቀስ ብሎ የሚነካ ሰው ስልኩን ለራሱ አስተካክሎ ሳለ የእናንተ መተግበሪያ ብቻ ካልሰማው ጥፋቱ የእጁ አይደለም። ጌስቸርዲቴክተር ጊዜ አይቀበልም። ስለዚህ ሮጌስቸርዲቴክተርን ተጠቀሙና በውስጡ የመታ ማድረግ ለይቶ አዋቂና ዱሬሽን የተሰጠው የተጭኖ መያዝ ለይቶ አዋቂ አብራችሁ አስቀምጡ። የጊዜውን ቁጥር ከአንድሮይድ በኩል ቪውኮንፊጉሬሽንን ጠይቆ በሜተድቻናል ማምጣት ይቻላል። ያ ከበዛባችሁ በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ «አጭር፣ መካከለኛ፣ ረጅም» የሚል ምርጫ አስቀምጡ። ከ400 በታች ግን አትውረዱ።

ለማየት የተሳናቸው ተጠቃሚዎች በአንድሮይድ ስክሪን አንባቢ በቶክባክ አማካይነት ረድፉን ሁለቴ መታ አድርገው ይከፍታሉ፤ ሁለተኛውን ሳያነሡ በመያዝ ደግሞ ተጭኖ መያዝን ይፈጽማሉ። አንባቢው ምን እንደሚሆን እንዲነግራቸው በፍላተር ሴማንቲክስ ውስጥ ኦንሎንግፕሬስሂንት፣ በኮምፖዝ ኦንሎንግክሊክሌብል ሙሉ። ጽሑፉ «ተጭነው ይያዙ» ሳይሆን «ብዛትና ዋጋ ለማስተካከል» ይበል፤ እንዴት እንደሚያዝ አንባቢው ራሱ ይነግራቸዋል።

ደረጃ 10፦ መጀመሪያ በኮድ፣ ቀጥሎ በሐረጎ መንገድ ፈትኑ

በፍላተር የዊጄት ፈተና ውስጥ ስታርትጌስቸርን ተጠቅማችሁ ጣት አውርዱ፣ በፓምፕ ጊዜ አሳልፉ፣ ከዚያ አንሡ። ቢያንስ እነዚህን አራት ጻፉ፦ በ300 ሚሊ ሰከንድ ሲነሣ አጭሩ አንዴ ይጠራ፣ ረጅሙ አይጠራ፤ በ600 ሲነሣ ረጅሙ አንዴ ይጠራ፣ አጭሩ አይጠራ፤ 40 ፒክሰል ከተንሸራተተ በኋላ 600 ቢቆይ ሁለቱም አይጠሩ፤ በመሀል ሲሰረዝም ሁለቱም አይጠሩ። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጽፎ ይተዋል፤ ስህተቱ የሚደበቀው ግን በኋለኞቹ ሁለት ውስጥ ነው። በእውነተኛ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ለመፈተን በኤዲቢ (ስልኩን ከኮምፒውተር በሚያዝዘው መሣሪያ) የስዋይፕ ትእዛዝን መነሻና መድረሻውን አንድ ነጥብ አድርጋችሁ 1000 ሚሊ ሰከንድ ስጡት፤ ተጭኖ መያዝ ሆኖ ይቆጠራል።

ከዚያ ስልኩን ይዛችሁ ውጡ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ረድፉን ተጭናችሁ ለመያዝ ሞክሩ። መኪናው ሲታጠፍ ጣታችሁ ይንሸራተታል፣ ምልክቱም ወደ ማሸብለል ይለወጣል። የሚከሽፍ ከሆነ የሦስት ነጥቡ ቁልፍ በዚያው ሁኔታ መሥራቱን አረጋግጡ፤ የመንቀሳቀሻ ገደቡን ለማስፋት አትቸኩሉ፣ ማሸብለሉን ታከብዱበታላችሁና። በክረምት ደግሞ በረጠበ ጣት ሞክሩ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ዝናቡና ጉሙ ለስልክ ስክሪን ምቹ አይደለም፣ የውሃ ጠብታ እንደ ሁለተኛ ጣት ሊቆጠርም ይችላል።

ሱቅ ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ ነገር መዝግቡ፦ የዋጋው ሳጥን በተጭኖ መያዝ ተከፍቶ ምንም ሳይለወጥበት ወዲያው የተዘጋባቸውን ጊዜያት። የዕቃም ሆነ የደንበኛ ስም አያስፈልግም፤ መክፈቻና መዝጊያ ሰዓቱ ይበቃል። እንዲህ ያሉ መዝገቦች በአንድ ስልክ ላይ ከበዙ የዚያ ስልክ ባለቤት መታ ለማድረግ ፈልጎ ጣሪያውን እያለፈ ነው። ለዚያ ስልክ ጊዜውን ወደ 700 ወይም 800 ሚሊ ሰከንድ ከፍ አድርጉና መዝገቡን እንደገና ተመልከቱ። ካልቀነሰ ችግሩ ጊዜው አይደለም፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱና ጣት ሲያርፍ የሚታየው ቀለም በዚያ ስልክ ስክሪን ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ፣ በእርግጥ ይታይ እንደሆነ እዩ።